አራት ሰው ትይዛለች የተባለችው ሄሊኮፕተር

«እውነት ሄሊኮፕተር ነበረህ?» ብሎ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ነበረኝ። ይህን ካልኩ በኋላ ጥያቄው ይከተላል፤ በስንት ገዛሃት፣ ማን ማን ተሳፈረባት፣ ስትነሳ ሆድ ታላውሳለች ወይ፣ በመጨረሻም ለምን ሸጥካት። እዚያ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ በቀልድ አመልጣለሁ። «ጎማ የላትማ! ጎማ የሌለው ነገር ለእኔ ዓይነቱ ሹፌር አይሆንም» እልና ሰው ሲስቅ ወሬውን እለውጣለሁ። ዛሬ ግን አልቀልድም። ነገሩ የሆነው በሁለት ቀን ውስጥ ነው፤ እኔ ግን ከእነዚያ ቀናት እስካሁን አልወጣሁም።

የተወለድኩት መንዝ ነው፤ ጓሳ ጥግ፣ ከመኪና መንገድ ግማሽ ቀን በእግር ከሚያስኬድ መንደር። ከሞላሌ ገበያ በግ ጭኖ አዲስ አበባ በሚወርድ መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ከቤት ወጣሁ። ከረዳትነት ሹፌር፣ ከሹፌርነት ባለመኪና ሆንኩ። ከሚሊኒየሙ በኋላ በነበሩት ዓመታት አገሩ ሁሉ ይቆፈርና ይገነባ ስለነበር፣ አሸዋና ጠጠር የሚያመላልስ ገልባጭ መኪና ያለው ሰው ተኝቶም ያተርፍ ነበር። በየስብሰባው «ልማታዊ ባለሀብት» እየተባልኩ የፊት ወንበር ይሰጠኝ ጀመር። ሰውነቴም ከሀብቴ እኩል ገፋ። ሸሚዝ የሚሸጡልኝ ልጆች ቁጥሩን ሲያዩ እርስ በርስ ይጠቃቀሱ ነበር።

ሄሊኮፕተር የመግዛት ሐሳብ የመጣብኝ በጓሳ ምክንያት ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጡ ፈረንጆች በመኪና ሲንገላቱ አይቼ፣ «እነዚህን በሰማይ ባመጣቸውስ?» አልኩ። ለሰው የነገርኩት ምክንያት ይህ ነበር። ለራሴ የነገርኩት ሌላ ነው፤ እናቴ አርጅታለች፣ ብትታመም ከዚያ ዳገት ማን ያወርዳታል እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ሞላሌ ገበያ ላይ በሰማይ ሳልፍ ሰው አንጋጦ እንዲያየኝም አምሮኝ ነበር።

አንድ ደላላ፣ ጎረቤት አገር ያለ የእርሻ ባለቤት ገዝቷት ብዙም ሳይበርባት ያስቀመጣትን አገኘልኝ። ባለአራት ወንበር፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም፣ ሞተሯ እንደ መኪና በፒስተን የሚሠራ። ከኋላ ወንበሮቿ ላይ ገና ላስቲኩ እንኳ አልተነሳም ነበር። እኔ ያንን ላስቲክ ሳይ ልቤ ሄደ። አብረውኝ የሄዱት ሻምበል አበራ ግን ወንበሩን ትተው ሞተሩን ሲመረምሩ ዋሉ። ሻምበል የቀድሞው አየር ኃይል አብራሪ ነበሩ፤ መንግሥት ሲለወጥ ከሥራ ወጥተው በየእርሻው መድኃኒት ሲረጩ የኖሩ ሰው ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እኔ እርስዎ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንተ ይሉኛል።

«የት ልታበርባት ነው?» አሉኝ።

«መንዝ ነዋ!»

«ስማ፣ ታደለ። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም፣ ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍም ጉልበት ያጣል። መንዝ ላይ አራት ሰው እጭናለሁ ብለህ እንዳታስብ።»

«ሻምበል፣ እኛ መንዞች እዚያ አየር ላይ ተወልደን አድገን የለ? እሷም ትለምደዋለች» አልኳቸው።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ፈረምኩ።

ሄሊኮፕተር ያለው ሰው ምን ሲሠራ ይውላል ትሉ ይሆናል። ሲያጥብ ይውላል። እኔ ከበረርኩባት ይልቅ ያጠብኳት ይበልጣል። ለእሷ የሚሆነው ቤንዚን ከነዳጅ ማደያ የሚቀዳ አይደለም፤ በበርሜል ይመጣል፣ ሲጠፋም ይጠፋል። ፈረንጆቹ ዋጋውን ሲሰሙ «መኪናው ይሻለናል» አሉ። ዘመድ ሁሉ ሙሽራ ላሳፍርባት እያለ ደጄን ጠና። መንዝ የበረርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም ገብሱ ስላልታጨደ የማርፍበት አጥቼ ከቤታችን በላይ ሁለት ጊዜ ዞሬ ተመለስኩ። ማታ እናቴ ስልክ አስደወለች።

«ከላይ ስታጓራ የነበርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። እጄን ሳወዛውዝልሽ አላየሽም?»

«ምኑን አይቼህ! አንተ ታየኛለህ፣ እኔ አላይህ። ይህ ምን ዓይነት መምጣት ነው?»

እናቴ እንዲህ ነበረች። ቤቷ እንግዳ ሲገባ ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «የማን ልጅ ነህ?» አንድ ጊዜ ጎንደሬ መካኒክ ይዤባት ሄድኩ። ከዘመዶቹ አንዱንም እንደማታውቅ ግልጽ ነው። ግን አባቱን፣ እናቱን፣ አያቱን አስቆጥራ፣ ራሷን እየነቀነቀች ሰምታ፣ ከዚያ በኋላ ነው ምግብ ያቀረበችለት። መካኒኩ እስካሁን ሲያገኘኝ «እናትህ የማን ልጅ እንደሆንኩ አስታወሱኝ» ይለኛል።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። ከእናቴ ጋር የምትኖረው ታናሽ እህቴ ዘነበች ናት። መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ለመደወል ጉብታው ላይ መውጣት አለባት፤ ስለዚህ ሁልጊዜ እያለከለከች ነው የምታወራው። ያን ቀን ግን ማልቀሷም ነበረበት።

«ጋሼ! እማዬ ወድቃ አደረች። ግራ እጇና ግራ እግሯ አልታዘዝ አላት፤ አፏም ጠመም ብሏል። ትናገራለች ግን፤ አንተን እየጠራች ነው። ቅሬው ተሰብስቧል፣ ቃሬዛው ተዘጋጅቷል፤ ልንነሳ ነው።»

በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብረውም፣ ሲታመም ተሸክሞ የሚያወርደውም ቅሬው ነው። ጎረምሶቹ ቃሬዛውን እየተፈራረቁ ይሸከማሉ፣ ሴቶቹ ስንቅ ይዘው ይከተላሉ፣ ሽማግሌዎቹ ከጎን ከጎን እየሄዱ በሽተኛውን ያጫውታሉ። እስከ መኪናው መንገድ ድረስ በሽተኛው ለአፍታ እንኳ ብቻውን አይሆንም። የዚያ መንደር ቅሬ ዳኛ አያ ጥላሁን ናቸው፤ አባቴን የቀበሩት እሳቸው ናቸው። አገናኚኝ አልኳት።

«አያ፣ እንዳትሸከሟት» አልኳቸው። «ቃሬዛ ላይ ስትንገጫገጭ ይብስባታል። እኔ በሄሊኮፕተር እመጣለሁ። እናንተ ወንዙን ሳትሻገሩ እኔ እደርሳለሁ።»

«ልጄ፣ ጉም ወርዷል እኮ።»

«ይገፈፋል!»

«ሰዉ ተሰብስቧል። መሄዱ አይከብደንም።»

«አያ ጥላሁን፣ እኔ ለዚህ ቀን ብዬ አይደል የገዛኋት?»

«እንግዲህ ልጇ አንተ ነህ» አሉ። በኋላ እንደሰማሁት፣ ከጉብታው ወርደው ሰዉን በተኑት።

የበረራ ፈቃዱ ሳይዘገይ ተገኘ፤ ሻምበልም ሳይዘገዩ መጡ። አዲስ አበባ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ደብረ ብርሃንን ስናልፍም ፀሐይ ነው። መንዝ ላይ ስንደርስ ግን ከታች ያለው አገር ሁሉ ነጭ ሆነ። ጓሳ የለም፣ መንገድ የለም፣ ቤት የለም። ሻምበል ወዲያ ወዲህ ብለው ቀዳዳ ፈለጉ። አንድ ቦታ ላይ ጉሙ ሳሳ ሲል «ይኸው እዚህ ጋ!» ብዬ ጮህኩ። ዝቅ ማለት ሲጀምሩ ከፊታችን ገደል ብቅ አለ። ወዲያው አዞሯትና ደብረ ብርሃን ተመልሰን አረፍን።

«ይገፈፋል» አልኳቸው።

«ይገፈፋል» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላም አልተገፈፈም። መኪና ይዤ ልሂድ አልኩ፤ መኪና ይዤ መንገድ ከጀመርኩ ወዲያው ይገፈፋል ብዬ ደግሞ ፈራሁ። እንዲህ ስል ቀኑ መሸ። ዘነበች ጉብታው ላይ ወጥታ ትደውላለች፣ እኔ «አሁን፣ አሁን» እላለሁ። ቃሬዛው ጠዋት ተነስቶ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት እናቴ መሐል ሜዳ ከተማ ሐኪም ፊት ነበረች። ይህን ያን ጊዜም አውቀው ነበር፤ ስለማውቀው ነው ሻምበልን ያለ ምክንያት እቆጣቸው የነበረው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጉሙ ተነሳና ገባን። ከቤታችን ጎን ያለው፣ በዚያ ዓመት ሳይታረስ ያደረው ሜዳ ላይ ስናርፍ ነፋሷ የማድቤቱን የሳር ክዳን ገልብጦ በየገብሱ ማሳ በተነው። የጓሳ ሳር እንዳሻህ የምታጭደው አይደለም፤ ዓመታት ተከልክሎ ቆይቶ፣ አገር ተስማምቶ ሲከፍተው ነው የሚታጨደው። ያን ክዳን እናቴ ስንት ዓመት ጠብቃ ነበር ያስከደነችው። ከተሰበሰበው ሰው አንድ እንኳ ስለ ክዳኑ አልተናገረኝም።

እናቴ በሱፍ ባናዋ ተጠቅልላ አልጋው ላይ ነበረች። ፊቷ ወደ አንድ ወገን ተስቧል። አይታኝ በደህናው ወገን ፈገግ አለች።

«መጣህ?» ምላሷ ከበድ ቢላትም ቃሉ ይሰማል።

«መጣሁ፣ እማዬ። ሐኪም ጋ ልወስድሽ ነው።»

«በዚያች?»

«በዚያች። ቶሎ ታደርሰናለች።»

በደህና እጇ እጄን ያዘች። «አንተ ካለህ እሄዳለሁ። ብቻዬን ግን ሰማይ ላይ እንዳትሰቅሉኝ።»

«ከኋላሽ ነኝ» አልኳት።

ሻምበል በሚያዩዋት ቦታ፣ ከፊት ከአጠገባቸው አስቀመጥናት። በባናዋ ደግፈን በቀበቶ አሰርናት፤ ጩኸቱ እንዳያስደነግጣት መነጋገሪያ ያለው የአብራሪ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አደረግንላት። ዘነበች ልትሳፈር ስትል ሻምበል ከለከሏት። ከዚያ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «እንሞክር» አሉ። ከኋላዋ ገብቼ እጄን ግራ ትከሻዋ ላይ አሳረፍኩ። የማይሰማት ትከሻ እንደሆነ እንኳ አላሰብኩም።

ሞተሩ ጮኸ። አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ተነሳን፤ ወዲያው አንድ ማስጠንቀቂያ እዬዬ ማለት ጀመረ፣ ሄሊኮፕተሯም ዘመመች። ሻምበል መልሰው አስቀመጧት። እንደገና ሞከሩ። እንደገና ጮኸ። እኔ ካፖርቴን አውልቄ በበሩ ወረወርኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ሻምበል ማዳመጫቸውን አነሱና ወደ ኋላ ዞረው ጆሮዬ ላይ ጮሁ።

«ታደለ! ጫማህ አይደለም።»

«ነዳጅ ብንቀንስስ?»

«ቀንሼ ነው የመጣሁት። ከዚህ ካነሰ አንደርስም።»

«አራት ሰው ትይዛለች እኮ! ሦስት ነን!»

ሻምበል በአውራ ጣታቸው በሩን ብቻ አሳዩኝ።

እጄን ከትከሻዋ አነሳሁ። በካልሲ ወረድኩና ወደ እሷ በኩል ዞርኩ፤ ልነግራት ነበር። ዓይኗን ጨፍናለች፣ ጆሮዋ ተሸፍኗል። ከገደሉ ሥር ጉሙ እንደገና ወደ ላይ እየወጣ ነው። ሻምበል ሂድ፣ ሂድ ብለው እጃቸውን አወዛወዙብኝ። ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሄሊኮፕተሯ ቀለል ብላ ተነሳች፤ እኔ ስወርድላት ምን ያህል እንደቀለላት ዓይኔ አየ። ገደሉን ይዛ ቁልቁል ገባችና ከማዶ ወጣች። ላስቲኩ ያልተነሳላቸው ሁለት ወንበሮች ባዶአቸውን ሄዱ።

ጫማዬን ከሣሩ ላይ ለቅሞ ያመጣልኝ ከጎረምሶቹ አንዱ ነው። ቃሬዛው አሁንም ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል።

«በል ተነስ» አሉኝ አያ ጥላሁን። «እኛ እንሸኝሃለን።»

እናቴን ሊሸከሙ ተሰብስበው የነበሩት ሰዎች እኔን ይዘው ወረዱ። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ይቆሙልኛል፤ ወንዙ ላይ እጄን ይዘው አሻገሩኝ። ለመውቀስ አፉን የከፈተ የለም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መንገዱ ዳር ስንደርስ «አያ፣ በድያት ይሆን?» አልኳቸው።

«ደርሳለች በል» አሉኝ። «አሁን የምንለው እሱን ነው።»

ደርሳ ነበር። በማግስቱ አዲስ አበባ ሆስፒታል ስገባ አልጋ ላይ ዓይኗን ገልጣ አገኘኋት። «እማዬ» አልኳት። አየችኝ፤ አወቀችኝ። አፏ ግን አልከፈት አለ። ሐኪሙ ሌሊቱን በሽታው እንደገና እንደመታት፣ ንግግሯን እንደወሰደባት ነገረኝ። «መጀመሪያ የታመሙ ዕለት ሐኪም ቢያገኙ ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። ሻምበልን ኮሪደሩ ላይ አግኝቼ በመንገድ ላይ ምን እንዳለች ጠየቅኳቸው። «ተኝተው ነበር» አሉኝ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረች። አዲስ አበባ አልሆንላት ስላለ ወደ ቤቷ መለስናት፤ በእርግጥ በመኪናና በቃሬዛ። እሷ ከመግባቷ በፊት የተገለበጠውን ማድቤት በአዲስ ቆርቆሮ አስከደንኩት፤ ካደረግኩላት ነገር ሁሉ በእሱ እኮራ ነበር። ቀኑን ሙሉ እሳቱ አጠገብ እዚያ ትቀመጣለች። ብዙ ጊዜ እየሄድኩ ከጎኗ እቀመጥ ነበር። የሆነ ነገር ልትነግረኝ ስትፈልግ ደህናዋን እጇን ወደ ላይ ታነሳለች፣ እኔ «ምን፣ እማዬ? ሰማዩን ነው? እግዚአብሔርን ነው?» እላለሁ። እጇን መልሳ ታወርዳለች።

ሄሊኮፕተሯን በዚያው ዓመት ሸጥኳት። ለገዢው «ብዙም ያልተበረረባት ናት» አልኩት፤ እውነቴን ነው። እናንተ የምታነቡኝ፣ እንደ እኔ ርቃችሁ ወጥታችሁ ወላጅ አገር ቤት የተዋችሁ ካላችሁ፣ ሀብት አትያዙ፣ ነገር አትግዙ አልላችሁም። ይህን ብቻ እላለሁ፤ ሰው ተሰብስቦ ቃሬዛ ሲያነሳ «ቆዩ፣ እኔ መጣሁ» አትበሉ። ይነሱ። እናንተ መንገድ ላይ ድረሱባቸው። እኔ ያን ማለዳ ስልኩ ውስጥ «ሰዉ ተሰብስቧል» የሚለውን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ መልስ ሰጥቼ የማላውቅ ይመስል በየጊዜው እንደ አዲስ እመልስለታለሁ። «ተሸከሟት፣ አያ» እላለሁ።

እናቴ ስታርፍ ሻምበል አበራ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ወጥተው ለቅሶ ደረሱኝ። ሰው ቀለል ሲል ማድቤቱ ደጃፍ ተቀመጥን። ዝናብ ጀመረ፤ ቆርቆሮው ስለጮኸ ድምፃችንን ከፍ ማድረግ ነበረብን። ሻምበል ወደ ክዳኑ ቀና ብለው ብዙ ቆዩ።

«ተኝተው ነበር ያልኩህ ውሸቴን ነው» አሉኝ።

ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«ከተነሳን ጥቂት ቆይተው በማዳመጫው ‘ታደለ’ ብለው ተጣሩ። ዝም ስል ደነገጡ፤ ቀበቶውን ይጎትቱ ጀመር። ‘አቤት፣ እማዬ’ አልኳቸው። ረጋ አሉ። ከዚያ ለአንተ ያወሩ ጀመር። ዘነበችን እንዳትቆጣት አሉ። ስትመጣ ከላይ አትዙር፣ ወርደህ ግባ አሉ። የማድቤቱን ክዳን ቆርቆሮ እንዳታደርግብኝ፣ ክረምት ሲመጣ ያደነቁረኛል፣ ጓሳ እስኪከፈት እጠብቃለሁ አሉ። እኔ እሺ፣ እሺ እላለሁ። በአንተ ስም ማውራቴ አሳፈረኝና ልነግርህ አልቻልኩም።»

እኔም ቀና ብዬ ክዳኑን አየሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ ከሥሩ አስቀምጫታለሁ።

«ሌላስ?» አልኳቸው።

«ከዚያ ዝም አሉ። ከተማው መታየት ሲጀምር ዓይናቸውን ገልጠው ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴን ደህና አድርገው አዩኝ፤ አልተቆጡም። ‘አንተስ የማን ልጅ ነህ?’ አሉኝ። አባቴን ነገርኳቸው፣ እናቴን ነገርኳቸው፣ አያቴን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ‘እደግ’ አሉኝ። ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው እኮ፣ ታደለ። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም።»

ዝናቡ እስኪያባራ ተቀምጠን ጠበቅን። እናቴ በዚህ ዓለም የተናገረችው የመጨረሻ ቃል «እደግ» የሚል ምርቃት ነው፤ እኔ አልነበርኩም፣ ለሻምበል ደረሳቸው።